ከፋፋዩን ከማውገዝ በፊት

ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም እሑድ ነበር። ወሊሶ አካባቢ በሚገኘው ሃሮ በዓለ ወልድ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት፣ ምእመናን በቋንቋቸው አልተገለገሉም በሚል ምክንያት፣ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ። ቅዱስ ሲኖዶስ አላወቀም፣ አልፈቀደም። ወሬው ሳይውል ሳያድር አገር አዳረሰ። በዚያው ሳምንት ሲኖዶሱ ተሰብስቦ ሿሚዎቹንም ተሿሚዎቹንም አወገዘ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አብዛኞቻችን እናስታውሳለን። ጥር 27 ሻሸመኔ ላይ ሰዎች ተገደሉ። ጾመ ነነዌ ሲገባ ምእመኑ ጥቁር ለብሶ ሦስቱን ቀን በጸሎት አሳለፈ። ቢሮ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ባንክ ቤት መስኮት ጀርባ ሳይቀር ጥቁር የለበሰ ሰው ነበር። ለየካቲት 5 ሰልፍ ተጠራ። መንግሥት አይሆንም አለ። ፌስቡክና ቲክቶክ ተዘጉ። በመጨረሻ ሰልፉ ቀረና የካቲት 8 ቀን ባለ 10 ነጥብ ስምምነት ተፈረመ። ቅራኔው በፊርማው ማግሥት በረደ ማለት ግን አይደለም።

በእነዚያ ሳምንታት ሁለቱም ወገን ሌላውን «ከፋፋይ» ይለው ነበር። ሁለቱም በቂ ጥቅስ ነበረው። ያንን ሙግት እንደገና መክፈት አልፈልግም። ቀኖናውን በሚመለከት ሲኖዶሱ ውሳኔውን ሰጥቷል፣ እኔም ከውሳኔው ጋር ነኝ። ማንሣት የፈለግኩት ሌላ ነገር ነው። ክርስትና ከፋፋይን የሚመክትበት የራሱ መንገድ አለው። መንገዱም ቅደም ተከተል አለው። እኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምንጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ ከውግዘቱ።

መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 6 ላይ እግዚአብሔር የሚጠላቸው ነገሮች ተዘርዝረዋል። ትዕቢተኛ ዓይን፣ ሐሰተኛ ምላስ፣ ንጹሕ ደም የምታፈስ እጅ እያለ ይቀጥላል። ዝርዝሩ የሚዘጋው በወንድማማች መካከል ጠብን በሚዘራ ሰው ነው። ከነፍሰ ገዳይ ጋር አንድ መዝገብ ላይ ሰፍሯል ማለት ነው። ጥቅሱን ሰባኪውም ዩቲዩበሩም በቃሉ ያውቀዋል። ችግሩ ሁሉም ሰው የሚያነበው ወደ ጎረቤቱ እያየ መሆኑ ነው።

ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን ደግሞ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ማኅበሩ አራት ቦታ ተከፍሏል። «እኔ የጳውሎስ ነኝ» የሚል አለ። የአጵሎስ ነኝ የሚል አለ። የኬፋ አለ፣ የክርስቶስ አለ። ተራ ፖለቲከኛ ቢሆን ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። የኬፋን ደጋፊዎች ነቅሶ ያወጣል፣ የራሱን ያጀግናል። ጳውሎስ የጀመረው በራሱ ደጋፊዎች ነው። «ጳውሎስስ ስለ እናንተ ተሰቀለን? ወይስ በጳውሎስ ስም ተጠመቃችሁን?» ስሙን እየጠሩ የሚፎክሩለትን ሰዎች ኩም አደረጋቸው።

እዚያው ላይ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ነገር አለ። ጳውሎስ የጠቡን ወሬ ከማን እንደሰማ ይናገራል። ከቀሎዔ ቤተ ሰዎች ሰማሁ ይላል። «ታማኝ ምንጮች አደረሱኝ» አላለም። ወሬውን ያመጣው ሰው ይታወቃል፣ ቢፈለግ ተጠርቶ ይጠየቃል። የእኛ ሰፈር ሰበር ዜና ግማሹ በዚህች መስፈርት ብቻ ይወድቅ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ከፋፋይ ብዙ ጊዜ ከባዶ ሜዳ አይነሣም። የተረሳ በደል ፈልጎ እዚያ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ሰው የተቀመጠበት በደል እውነት ነው ወይ?» የሚለው መሆን አለበት።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን የገጠማት የመጀመሪያው የቋንቋና የባህል ጠብ ነው ቢባል ማጋነን አይመስለኝም። ኢየሩሳሌም ውስጥ ግሪክኛ የሚናገሩ አይሁድና የአገሬውን ቋንቋ የሚናገሩ አይሁድ አብረው አምነዋል፣ አብረው ይበላሉ። በየቀኑ ምግብ ሲታደል ግን የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ችላ ተባሉ። ማጉረምረም ተጀመረ።

ሐዋርያቱ «አንድነታችንን አትረብሹ» ብለው ዝም ማሰኘት ይችሉ ነበር። «ከጀርባችሁ ማን አለ?» ማለትም ይችሉ ነበር። እኛ ብንሆን ሁለቱንም እንል ነበር። እነርሱ ግን ሕዝቡን ሰበሰቡና ሰባት ሰዎች ምረጡ አሉ። የተመረጡትን ስም ተመልከቱ። እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሁሉም የግሪክ ስም ነው። የማዕዱን ነገር ለተበደለው ወገን ሰዎች አስረከቡት ማለት ነው። ከመካከላቸው እስጢፋኖስ ቀዳሜ ሰማዕት ሆነ። ፊልጶስ ደግሞ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ያጠመቀው ነው። የእኛ የክርስትና ታሪክ ሲተረክ ስሙ የሚነሣው ሰው ወደ አገልግሎት የገባው በዚያ ቅሬታ ምክንያት ነው።

ይህን ይዘን ወደ 2015 እንመለስ። የኦሮምኛ ተናጋሪ ምእመናን በቋንቋቸው የመገልገል ጥያቄ በሃሮ በዓለ ወልድ ቀን የተወለደ አይደለም። በ2011 ዓ.ም መጨረሻ ላይ የኦሮሚያ ቤተ ክህነት ይቋቋም የሚል እንቅስቃሴ በአደባባይ ወጥቶ ነበር። ሲኖዶሱ የተለየ ቤተ ክህነት የሚለውን አልተቀበለም። ቀኖናውን ካሰብን ምክንያት ነበረው። ግን እስቲ አንዲት የገጠር እናት አስቡ። ዕድሜዋን ሙሉ ጾማለች። ለነፍስ አባቷ ኃጢአቷን የምትናገርበት ቋንቋ ግን የእርሷ አይደለም። ስብከቱን ግማሹን ትሰማለች፣ ግማሹን ትገምታለች። ለዚህች ሴት «አንድነት ይበልጣል» የሚለው መልስ ትንሽ ጎምዛዛ ነው።

የየካቲት 8ቱ ስምምነት ውስጥ በየቋንቋው የሚሰጠው አገልግሎት እንዲጠናከር የሚል አለበት። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ሲኖዶሱ ራሱ 9 ኤጲስ ቆጶሳት ሲሾም አብዛኞቹ የተመደቡት ለኦሮሚያ አህጉረ ስብከት ነው። ጥያቄው ውስጥ እውነት ነበረበት ማለት ነው። እውነቱ አስቀድሞ መልስ አግኝቶ ቢሆን ያ ሕገ ወጥ ሹመት ያን ያህል ጆሮ አያገኝም ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን ማለት ሹመቱን ማጽደቅ አይደለም። የሚበላው ያጣ እሳት ራሱ ይጠፋል ለማለት ነው። ያው ምሳሌ ምዕራፍ 26 ላይ እንጨት ባለቀ ጊዜ እሳት ይጠፋል እንደሚለው።

ሁለተኛው ነገር የአካሄድ ነው። ማቴዎስ 18 ላይ ጌታ የሰጠው ሥርዓት ግልጽ ነው። «ወንድምህም ቢበድልህ፥ ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው።» ካልሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ። እነርሱንም ካልሰማ ለቤተ ክርስቲያን ንገር። ቤተ ክርስቲያንንም ካልሰማ ያኔ ነው መለየቱ። ጳውሎስም ለቲቶ ሲጽፍ መለያየትን የሚያነሣን ሰው አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ገሥጸው፣ ከዚያ ራቀው ይላል። ሁለት ዕድል ሰጠው ማለት ነው። ደግሞም ሁለት ብቻ። ከፋፋይን ዕድሜ ልክ ማባበል አልታዘዝንም።

በእኛ ዘመን ይህ ተገልብጧል። አንድ ሰው ቲክቶክ ላይ ላይቭ ይገባል። «ቤተ ክርስቲያናችን ተሸጠች!» ይላል። ማን ሸጣት? መቼ? በስንት? ዝርዝር የለም። ኮሜንቱ ግን ይንጋጋል። የቲክቶክ ስጦታው፣ ጽጌረዳው ይወረወራል፣ ሲሞቅ ደግሞ አንበሳው ይመጣል። ስጦታው ወደ ገንዘብ ይቀየራል። ተከሳሹ አባት ምናልባት ስልክ እንኳ በቅጡ አይነኩም፤ በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሰው ፊቱን ሲያዞርባቸው ነው የሚያውቁት። ብቻቸውን ያናገራቸው የለም። ሁለት ሰው ይዞ የሄደ የለም። አራተኛው ደረጃ መጀመሪያ ላይ ተፈጸመ። ጴንጤውም ሰፈር ቢሆን ያው ነው። አንዱ ነቢይ ሌላውን ነቢይ በላይቭ ሲገላልጠው የሚያድር ሕዝብ አለ።

ጠብ ዛሬ ገበያ አለው። ይህን ሳንረዳ «ተዉ፣ ተፋቀሩ» ማለት ብቻ ዋጋ የለውም። የሚያስታርቅ ቪዲዮ ስንት ሰው ያየዋል? የሚያጣላው ስንት? የሚሠራውን ሰው ብቻ አንውቀስ፣ የምናየው እኛ ነን።

ዋጋው ደግሞ ሁልጊዜ በቪው ብቻ አይከፈልም። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም ባሕር ዳር ውስጥ አንድ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ቤታቸው ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደሉ። ትግራዋይ ነበሩ። ከግድያው በፊት ፎቷቸውን ይዘው የወጡ የፌስቡክ ጽሑፎች ነበሩ። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለኩባንያው ሪፖርት ማድረጉን ተናግሯል። መልሱ በጊዜ አልደረሰም። በኋላ ናይሮቢ በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከስሷል፤ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። አገራችን የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ካወጣች አንድ ዓመት ተኩል አልፏት ነበር። አዋጁ ያን ቀን ማንንም አላዳነም። እነዚያን ጽሑፎች ሼር ካደረጉት መካከል ማተብ ያሰሩ፣ መስቀል ያንጠለጠሉ እንደሚኖሩ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 ላይ ይህን የሚመስል ታሪክ አለ። የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ያዙ። ሊሻገር የሚመጣውን ሰው «ሺቦሌት በል» ይሉታል። ኤፍሬማዊ ከሆነ «ሺ» ማለት አይችልም፤ «ሲቦሌት» ይላል። ያኔ ያርዱታል። 42,000 ሰው ወደቀ ይላል መጽሐፉ። ሁለቱም ወገን እስራኤላዊ ነው። አምላካቸው አንድ ነው። ኬላ ላይ መታወቂያ እያዩ፣ አነጋገር እየሰሙ ሰው መለየት ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ይህ ምዕራፍ ለምን በየዐውደ ምሕረቱ እንደማይሰበክ ይገርመኛል።

ጥሩ ምሳሌም አለን፤ ሁሉን ጨለማ ላላደርገው። አቡነ መርቆሬዎስ ደርግ ከወደቀ በኋላ ከመንበራቸው ወርደው ተሰደዱ። በ1984 ዓ.ም አቡነ ጳውሎስ ተሾሙ። ከዚያ በኋላ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ሁለት ሲኖዶስ ሆነ። አሜሪካ የኖረ ሰው ነገሩን በደንብ ያውቀዋል። አንድ ከተማ ውስጥ የስደተኛው ሲኖዶስ ቤተ ክርስቲያን አለ። የአገር ቤቱ አለ። ገለልተኛ የሚባል አለ። በሕንፃና በቦርድ የተነሣ ፍርድ ቤት የደረሱም ነበሩ። አንድ እናት ልጇን ክርስትና ልታስነሣ ስትል መጀመሪያ የሚመጣባት ጥያቄ «የት?» የሚለው ነው። የት ማለት ደግሞ «የማን ወገን ነሽ?» ማለት ነው። ልዩነቱ ቅዳሴው ውስጥ ሳይቀር ይሰማል። ስመ ፓትርያርክ ሲጠራ አንዱ ጋ አቡነ መርቆሬዎስ፣ ሌላው ጋ አቡነ ጳውሎስ፣ በኋላም አቡነ ማትያስ ይባላል። ሃይማኖቱ አንድ፣ ጾሙ አንድ፣ ቅዳሴው አንድ። ሰው አንዲት ስም እስክትጠራ ጠብቆ ወገኑን ይለያል።

እርቁ በአንድ ቀን አልመጣም። አቡነ ጳውሎስ በነሐሴ 2004 ዓ.ም ካረፉ በኋላ በ2005 ዓ.ም ዳላስ ላይ ድርድር ነበር። አገር ቤት የፓትርያርክ ምርጫው ቀጠለና ድርድሩ ፈረሰ። ያኔ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን አልተዉትም። ሐምሌ 20 ቀን 2010 ዓ.ም ዋሽንግተን ዲሲ ላይ እርቁ ታወጀ። መንግሥት እጁን ከነፖለቲካው ማስገባቱ እውነት ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እዚያው ነበሩ። የእርቁ ፍሬ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ራሷ የምታውቀው ነው። ሁለቱ ወገኖች የተወጋገዙት ውግዘት ተነሣ። ማንም «ፓትርያርክ አልነበርክም» አልተባለም። አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎትና በቡራኬ፣ አቡነ ማትያስ በአስተዳደር እንዲመሩ ተስማሙ። የሁለቱም ስም በቅዳሴ መጠራት ጀመረ። አቡነ መርቆሬዎስ የካቲት 24 ቀን 2014 ዓ.ም ሲያርፉ እዚሁ አገራቸው ነበሩ፤ የተሸኙትም እንደ ፓትርያርክ ነው።

ከዚህ የወሰድኩት አንድ ነገር አለ። በዚያ ሁሉ ዓመት ጠቡን ያቆየው የሃይማኖት ልዩነት አልነበረም። «እኔ ትክክል ነበርኩ፣ አንተ ተሳስተሃል በል» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ሲቀር በር ተከፈተ።

ታሪካችን ውስጥም ሁለት ጉባኤዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ብዙ ይናገራሉ። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቀዳሚት ሰንበትን እናከብራለን በማለታቸው መቶ ዓመት ያህል ተሰደዱ፣ ተገለሉ። ከግብፅ የሚመጣውን ጳጳስ ክህነትም አንቀበልም አሉ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1450 ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ ጠራ። ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር እንድትከበር ተወሰነ። ኤዎስጣቴዎሳውያንም ከጳጳሳቱ ክህነት ተቀበሉ። እያንዳንዱ ወገን የሚለቀውን ለቀቀ፣ የሚቀበለውን ተቀበለ። ዛሬ ቅዳሜና እሑድን እኩል ስናከብር የዚያ ቀን ፍሬ መሆኑን ብዙዎቻችን አናስታውስም። ጠቡ ጨርሶ ሞቷል። ዘርዓ ያዕቆብን መልአክ ላደርገው አይደለም፤ ያው ንጉሥ ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉትን መነኮሳት እንዴት እንዳሳደዳቸው የሚታወቅ ነው።

በ1870 ዓ.ም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ሌላ ጉባኤ ጠራ። የተዋሕዶ ትምህርት ጸና፣ ስለ ክርስቶስ ከዚያ የተለየ ትምህርት የነበራቸው የጸጋ ልጅ ባዮች ተረቱ። በዶግማው ላይ እኔ ተዋሕዶ ነኝና ቅሬታ የለኝም። ከክርክሩ በኋላ ግን ምላስ የተቆረጠባቸው ነበሩ። የወሎ ሙስሊምም ክርስቲያን ሁን ተብሎ ታዘዘ። አንዳንዱ ተጠመቀ፣ አንዳንዱ ተሰደደ፣ ሼህ ጦልሃን ተከትሎ ያመፀም ነበር። ቀን ላይ ክርስቲያን መስሎ ሌሊት ቤቱ የሚሰግድ ሰው ተፈጠረ። ቁርሾውን ከፋፋዮች እስከ ዛሬ ድረስ እያወጡ ይጠቀሙበታል። አንድነት በግድ ሲመጣ ለሚቀጥለው ከፋፋይ ስንቅ ነው የሚያዘጋጅለት።

ያልተፈታውን ሳልጠቅስ ላልፍ አልችልም፤ ትግራይን። በጦርነቱ ጊዜ በ2013 ዓ.ም ኅዳር ላይ አክሱም ውስጥ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ገዳማትና አድባራት ተጎዱ። የትግራይ አባቶች ሲኖዶሱ ዝም አለን፣ አንዳንዱም ጦርነቱን ባረከብን ብለው ተቆጡ። በዚያው ዓመት ፓትርያርኩ ራሳቸው ድምፄ ታፍኗል ሲሉ የተሰሙበት ቪዲዮ ወጣ። የትግራይ አህጉረ ስብከት የራሳቸውን መንበር መሠረቱ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም ፕሪቶሪያ ላይ ጠመንጃው ቆመ። ሲኖዶሱ ይቅርታ የጠየቀው በ2015 ዓ.ም ክረምት ነው። ፓትርያርኩ የመሩት ልዑክ መቀሌ ሲደርስ የትግራይ ሊቃነ ጳጳሳት አልተቀበሉትም። በዚያው ሐምሌ አክሱም ላይ የራሳቸውን ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ።

እዚህ ጋ «ከፋፋዮች» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ቀኖናው ተጥሷል፣ እውነት ነው። ነገር ግን የኢየሩሳሌም መበለቶችን ታሪክ ካመንን፣ ለትግራዩም ማመን አለብን። ማቴዎስ 5 ላይ መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ የተባለው ሰው ማን ነው? ተበድያለሁ የሚለው አይደለም። ወንድሙ በእርሱ ላይ ቅሬታ እንዳለው ያሰበው ነው። የመጀመሪያው እርምጃ የበዳዩ ነው፣ ጊዜውም መባው ከመሠዋቱ በፊት ነው። የእኛ ይቅርታ የመጣው ከብዙ ቅዳሴ በኋላ ነው። ስለዚህ በአንድ ጉዞ በሩ ካልተከፈተ ሊገርመን አይገባም። በዳላሱ ልክ ተመልሶ መሄድ ነው፣ ደግሞም መሄድ።

«አንድነት» የሚለው ጥሪ ራሱ ጨዋታ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ኤርምያስ የሕዝቤን ስብራት በጥቂቱ ይፈውሳሉ፣ «ሰላም ሳይሆን፦ ሰላም ሰላም ይላሉ» ያለው ለዚህ ነው። የተበደለ ሰው ሲጮህ «ከፋፋይ» ብሎ አፉን ማስያዝ በእኛ አገር የተለመደ ዘዴ ነው። ከፋፋይና ቅሬታ አቅራቢ አንድ አይደሉም። አንድ ቀላል መለያ አለኝ። ቅሬታ ያለው ሰው መልስ ሲሰጠው ይረጋጋል። ከፋፋዩ መልስ ሲሰጠው ይናደዳል፣ ወዲያውም ሌላ ጥያቄ ያመጣል። የቲቶ ሁለት ተግሣጽ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው፤ ማን የትኛው እንደሆነ ያሳያል። መልስ ሳንሰጥ ግን ልንለያቸው አንችልም።

ከጳጳሳቱ ደረጃ ወርደን እኛ ጋ ስንመጣ መሣሪያው በእጃችን ነው። እያንዳንዱ ኦርቶዶክሳዊ ቤተሰብ የነፍስ አባት አለው። ስንቶቻችን ነን ፌስቡክ ላይ የጻፍነውን ለነፍስ አባታችን የምንናገረው? ሐሜት እንናዘዛለን፤ ሼር ያደረግነውን ግን እንደ ኃጢአት አንቆጥረውም። ቅዳሴ ላይም ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ብሎ እርስ በርስ ሰላም ተባባሉ ሲል ግራና ቀኝ ጎንበስ እንላለን። ያ ሰላምታ ከቁርባን በፊት የተቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ በስሙ ስንሰድበው የከረምነው ብሔር ልጅ ምናልባት አጠገባችን ቆሞ ይሆናል።

ጳውሎስ አንጾኪያ ላይ ጴጥሮስን በሁሉ ፊት የተቃወመበትን ነገርም አንርሳ። ጴጥሮስ ከአሕዛብ ጋር ይበላ ነበር፤ የያዕቆብ ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ከማዕዱ ተነሣ። ጥፋቱ በአደባባይ ነበር፣ ተግሣጹም በአደባባይ ሆነ። ልብ የሚባለው ተገሣጩ ባላጋራ አለመሆኑ ነው። የራስ ወገን፣ ያውም ትልቁ ሰው ነው። አማራ ከሆንክ የአማራውን፣ ኦሮሞ ከሆንክ የኦሮሞውን፣ ትግራዋይ ከሆንክ የትግራዩን ጠብ ዘሪ «ተው» ማለት አለብህ። አንተን ይሰማሃል። ሌላው ቢናገረው ጠላቴ ነው ብሎ ይፎክርበታል።

በየማኅበሩ፣ በየሰንበቴውና በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ደግሞ የቴሌግራም ግሩፕ አለ። ጠቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በዚያ በኩል ነው፤ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ «አያችሁ ይህን?» ተብሎ በሚላክ ቪዲዮ። አድሚኖች አንድ ደንብ ቢያወጡ ብዙ ነገር ይለወጣል። የአንድ ሰው ስም ያለበት ክስ የሚለጥፍ ሰው ከቪዲዮው ጋር ሁለት ነገር ይጻፍ፦ ከማን እንዳገኘውና ባለጉዳዩን ጠይቆት እንደሆነ። ካልጠየቀው ቪዲዮው ይነሣ። ለሁለተኛ ጊዜ ከደገመው በግል ይነገረው። ለሦስተኛ ጊዜ ከመጣ ከግሩፑ ይውጣ።